የብርጭቆ ማቶት ከፓሌት እንጨት
(በዕድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ባለፈው ስብሰባችን ላይ አንድ አባት ብድግ ብለው፣ «ይህ ዕድር የተቋቋመው ሰው ለመቅበር ነው ወይስ እንጨት ለማሽሞንሞን?» ብለው ሲጠይቁ ቤቱ በሳቅ ተሞላ። እኔም ከሳቁት አንዱ ነበርሁ። ቤቴ ስደርስ ግን ነገሩ ከነከነኝ። ጥያቄው የተነሣው በዕቃ ቤታችን ጓሮ ከሁለት ልጆች ጋር ስለምሠራው የብርጭቆ ማስቀመጫ ስለሆነ፣ መልስ የመስጠት ግዴታ አለብኝ። ዳኛችን ይህን ጊዜ ስለ ሰጡኝ አመሰግናለሁ። ነገሩን ከሥሩ እንድነግራችሁ ፍቀዱልኝ።

አስቀድሜ ማን እንደሆንሁ ላስታውስ። ትምህርቴ ስድስተኛ ክፍል ነው። ዕድሜዬን የፈጀሁት መጀመሪያ ዳንግላ፣ ኋላም እዚሁ እንጅባራ በመዝገብ ቤት ጸሐፊነት የሰው ደብዳቤ ስመዘግብ ነው። መጋዝ የጨበጥሁት ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ነው። በመካከላችን አናጢዎች ስላላችሁ ስሳሳት ብታርሙኝ አላፍርም።

ነገሩ የጀመረው ለቅሶ ቤት ነው። ከሦስት ዓመት በፊት፣ በነሐሴ፣ አንድ አባላችን ዐረፉ። በሕይወት ሳሉ እጃቸው ሥራ የሚያውቅ ሰው ነበሩና ከዋንዛ እንጨት ራሳቸው የሠሩት አንድ ጠረጴዛ ቤታቸው ውስጥ ነበር። ቫርኒሹ ፊት ያሳያል። ዝናቡን ታውቁታላችሁ፣ የእንጅባራ ነሐሴ ነው። ድንኳኑ ስላፈሰሰ ሽማግሌ ሽማግሌው ወደ ቤት ገባን፤ ጠረጴዛውን ከበን ሦስት ቀን ተቀመጥን። ንፍሮውም፣ ቡናውም፣ ሻዩም እዚያው ላይ ዋለ፣ አመሸ። በሦስተኛው ቀን የዕድሩን ብርጭቆ ቆጥሬ ልረከብ ስሰበስብ ጠረጴዛው ላይ ያየሁት ነገር አስደነገጠኝ። ነጫጭ ክብ ምልክት፣ አንዱ በአንዱ ላይ ተደራርቦ። ቆጠርሁት፤ መቁጠር የለመደ ሰው አይተውም፤ 23 ነበር። ከዚያ ውስጥ ሦስቱ እኔ በተቀመጥሁበት በኩል ናቸው።

የሟች ባለቤት ምንም አላሉም። «ግድ የለም፣ እንጨት አይደል» ብለው ጨርቅ አለበሱት። ለአርባው ስንሄድ ጨርቁ እዚያው ነበር። ሻይ ሰጡኝ። የት እንደማሳርፈው ግራ ገብቶኝ ብርጭቆውን በእጄ እንደያዝሁ ቢያዩኝ፣ «እሳቸው እያሉ ትኩስ ነገር እንዲያርፍበት አይፈቅዱም ነበር» አሉኝ። ሌላ አልተናገሩም። እንግዲህ ወገኖቼ፣ እኛ የሄድነው ልናጽናናቸው ነው። የሟችን የእጅ ሥራ አበላሽተን ተመለስን።

በዕድራችን የንብረት መዝገብ ላይ የተሰበረ ብርጭቆ ይጻፋል፣ የጠፋ ማንኪያ ይጻፋል፣ የተቀደደ ድንኳን ይጻፋል። መዝገቡን የምጽፈው እኔ ነኝ። እኛ በሰው ቤት ያጎደልነው ነገር ግን የሚጻፍበት አምድ የለውም።

ጠረጴዛውን ለማዳን ሞክሬ ነበር። አንድ አናጢ ሲያስረዳኝ፣ ነጩ ምልክት እንጨቱ ውስጥ የገባ አይደለም። የብርጭቆው ሙቀት ቫርኒሹን ያላላዋል፤ እርጥበቱ እዚያው ቫርኒሹ ውስጥ ገብቶ ይታሰራል፤ ነጭ የሚመስለው ያ ነው። ጥቁር ምልክት ከሆነ ግን ውኃው ቫርኒሹን አልፎ እንጨቱ ጋ ደርሷል ማለት ነውና ሳይፋቅ አይለቅም። ስለዚህ ወይዘሮዋን አስፈቅጄ ደረቅ የጥጥ ጨርቅ አነጠፍሁና ለብ ባለ ካውያ ዳበስ ዳበስ አደረግሁት። እርጥበቱ በሙቀት እንዲወጣ ነው። ከ23ቱ 14ቱ ጠፉ። የቀሩት ደበዘዙ እንጂ አልጠፉም። ካውያውን ባጠነክረው ቫርኒሹ ስለሚነሣ እጄን ሰበሰብሁ።

መከላከያው ምን ይሁን ብዬ ሳስብ፣ እናቶች ከእኛ በፊት ያውቁት ኖሯል። ጀበና ከእሳት ሲወርድ የትም አይጣልም፣ ማቶቱ ላይ ይቀመጣል። ብርጭቆ ግን ኋላ ከፋብሪካ የመጣ እንግዳ ስለሆነ ማቶት የሠራለት የለም። ይኸው ነው የእኔ ሥራ፤ የብርጭቆ ማቶት ነው። ልጄ በከተማ ሆቴሎች እንዲህ ያለው ነገር ከካርቶንም ከእንጨትም እየተሠራ እንደሚቀርብ ነግራኛለች፤ እኔ ግን የማውቀው ማቶትን ነው።

«ታዲያ ለምን በስፌት አይሆንም?» ያላችሁኝ እናቶች አላችሁ። አንድ ቤት ለራሱ ስድስት ቢሰፋ ከእንጨቱ እሱ ያምራል። ለዕድር ግን 120 ብርጭቆ ነው ያለን። የፈሰሰ ሻይ ስፌቱን አበላሽቶ፣ ታጥቦም በክረምት አልደርቅ ብሎ ይሻግታል። ቀርከሃም ሞክሬያለሁ። መንገድ ዳር የቀርከሃ ወንበርና አልጋ የሚሠሩት ልጆቻችን እጅግ የተካኑ ናቸው፤ ነገር ግን ቀርከሃ ክብ ነው፣ ሲሰነጠቅ ጠፍጣፋ ሆኖ ብርጭቆ አያስቆምም። ዋንዛ ለዚህ ማባከን ነውር ነው። ዲከረንሳችን ደግሞ ለከሰል የተተከለ ነው፤ እሱንም በሽታ ሲመታው ያየነው ነው።

ፓሌት የምለውን ሁላችሁም አይታችሁታል። ሴራሚክ፣ መስተዋት፣ ማሽን ከውጭ አገር በጅቡቲ በኩል ሲመጣ ከሥሩ የሚነጠፍለት የጣውላ ርብራብ ነው። ዕቃው ከተራገፈ በኋላ በየሕንፃ መሣሪያ መደብሩ ጓሮ ይጣላል፤ ብዙውን ጊዜ ለማገዶ ይሄዳል። አውሮፓ ውስጥ ልኩ የታወቀ ፓሌት አለ፤ 120 በ80 ሳንቲ ሜትር ነው፤ 11 ጣውላ፣ 9 ጉማጅና 78 ሚስማር አለው፤ እየተመላለሰ ብዙ ጊዜ ያገለግላል። ወደ እኛ የሚደርሰው ግን አብዛኛው አንድ ጊዜ ተጭኖ እንዲቀር የተሠራ ነው። ሻካራ ነው፣ ልኩም የተለያየ ነው። እንጨቱ ብዙ ጊዜ እንደ ፈረንጅ ጽድ ለስላሳ ስለሆነ ለእንደኔ ያለው ጀማሪ እጅ ይመቻል።

አሁን የምነግራችሁን በተለይ ፓሌት ለማገዶ የምትገዙ ልብ ብላችሁ አድምጡ። ፓሌት ሁሉ አንድ አይደለም። በጎኑ ላይ በእሳት ወይም በቀለም የታተመ ማኅተም አለ። ማኅተሙ የስንዴ ዛላ የመሰለ ሥዕል አለው፤ ከጎኑ የላቲን ፊደሎች አሉ። ይህ ማኅተም ዓለም አቀፉ የዕፅዋት ጥበቃ ስምምነት በ2002 እ.ኤ.አ. ባወጣው ደንብ የመጣ ነው። በእንጨት ውስጥ ያለ ነቀዝና በሽታ ከአገር አገር እንዳይሻገር እንጨቱ አስቀድሞ መታከም አለበት። የታከመበትን መንገድ ሁለት ፊደል ይናገራል። «ኤች ቲ» ካለ በሙቀት ታክሟል ማለት ነው፤ የእንጨቱ መሐል ድረስ 56 ዲግሪ ሙቀት ለ30 ደቂቃ አግኝቷል። «ኤም ቢ» ካለ ሜቲል ብሮማይድ በሚባል መርዛማ ጋዝ ታጥኗል። ፈረንጅኛ ለማታነቡ፣ «ኤች» ማለት አንድ እርከን ብቻ ያላት መሰላል የመሰለች ናት፤ «ኤም» ደግሞ ሁለት ጎን ለጎን የቆሙ ተራራዎች ትመስላለች። መሰላሏን ፈልጉ፤ ተራራዎቹን ተዉ።

ይህን ያሳየኝ እንጅባራ ዩኒቨርሲቲ የሚማረው የእኅቴ ልጅ ነው፤ በስልኩ እያነበበ። ጋዙ ከጊዜ በኋላ ይተናል የሚሉ አሉ። ይሁን። ለአየሩም ጎጂ ስለሆነ የአውሮፓ አገሮች ከ2010 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አቁመውታል። የምንጠጣበት ዕቃ የሚያርፍበትን ነገር ግን እኔ ከዚያ እንጨት አልሠራም፣ ምጣድ ሥርም አልማግደውም። ማኅተም የሌለውን፣ ቀለም የተቀባውን፣ ዘይት ወይም ሌላ ነገር የፈሰሰበትንም እንዲሁ። አሽቱት። የማይታወቅ ሽታ ካለው ይቅርባችሁ።

ሥራው እንዲህ ነው። መጀመሪያ ሚስማሩን ልንቅል ብዬ አንድ ሳምንት ፈጀሁ። የፓሌት ሚስማር አካሉ ጠመዝማዛ ስለሆነ በጉጠት ስትጎትቱት ጣውላውን ሰንጥቆ ይወጣል። ኋላ ነገሩ ገባኝ፤ ሚስማሩን መተው ነው! ጣውላው የተመታው በሁለቱ ጫፍና በመሐሉ ብቻ ስለሆነ፣ ከሚስማር እስከ ሚስማር ያለውን ንጹሕ እንጨት በመጋዝ ቆርጦ ማውጣት ይቻላል። 10 ሳንቲ ሜትር ስፋት ካለው ጣውላ 10 በ10 እየተቆረጠ ስድስት ይወጣል። ደኅና ፓሌት ከሆነ በጠቅላላው 30 ያህል አገኛለሁ። ሚስማር ያለበት ቁራጭ ተለይቶ ይቀመጥ፤ የልጅ እግር ይወጋል።

የተቆረጠው እንጨት ፀሐይ ላይ አይሰጣ፤ ይጣመማል። ጣራ ሥር፣ በየመሐሉ ቀጭን ስንጣሪ እየተደረገ ተደርድሮ ነፋስ ያድርቀው። በእኛ አገር ይህ ከኅዳር እስከ መጋቢት ያለው ሥራ ነው። በክረምት የሞከርሁት እንደ ቂጣ ተቆልምሞ ቀረ። ከዚያ በመላጊያ 1 ሳንቲ ሜትር እስኪሆን ይሳሳል። ወፍራም ከሆነ ብርጭቆው ከፍ ብሎ ስለሚቆም የሽማግሌ እጅ ሲነካው ይወድቃል። ማዕዘኑ በሞረድ ይከብባል፤ በብርጭቆ ወረቀት ይታሻል፤ አቧራው ሳምባ ስለሚጎዳ አፍና አፍንጫችሁን ሸፍኑ።

አሁን ውርደቴን ልንገራችሁ። የመጀመሪያዎቹን 24 ሙሉ በሙሉ የዘይት ቀለም ቀባሁና ከላይ ቫርኒሽ ደረብሁበት። በአራተኛው ቀን ስነካው አይለቅም፣ ደርቋል ብዬ ለቅሶ ቤት ይዤው ሄድሁ። የፈላ ሻይ ቀረበ። አንድ ትልቅ አባት ብርጭቆውን ብድግ ሲያደርጉ እንጨቱም ተጣብቆ አብሮ ተነሣ፤ አፋቸው ጋ ሲደርስ ለቀቀና ጉልበታቸው ላይ ወደቀ፣ ከዚያም ወለሉ ላይ ጧ አለ። ለቅሶ ቤት ውስጥ! ሐዘንተኞቹ ሳይቀሩ ዘወር አሉ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድሁ። አባትየው ጨዋ ሰው ስለሆኑ፣ «ጸሐፊያችን ክዳንም ሠርተውልናል» ብለው አለፉት። ለካስ የዘይት ቀለም ላዩ ቢደርቅም ውስጡ ጠንክሮ እስኪያልቅ ሳምንታት ይፈልጋል፤ በብርዳችን ደግሞ ይብሳል።

ከዚያ ወዲህ ብርጭቆው የሚያርፍበትን መሐል ቀለም አላስነካም። ቀለሙ ዙሪያውን ብቻ ነው፤ መሐሉ እንጨት ሆኖ ይቀራል። ባዶ እንጨት ጠብታውንም ይጠጣል፣ አይጣበቅምም። እንዳይበክት ምን ልቀባው ብዬ የአገራችንን ሰም ሞክሬ ነበር። የማር አገር ሰው አይደለሁ? ሞኝነት ነው። ሰም 62 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ይቀልጣል። በእንጅባራ ከፍታ ውኃ የሚፈላው በ91 ወይም 92 ዲግሪ ግድም ቢሆንም ሰምን ለማቅለጥ ይተርፋል። እንደገና መጣበቅ። በመጨረሻ የተስማማኝ የተልባ ዘይት ነው። በጨርቅ ስስ አድርጎ ቀብቶ፣ ትርፉን ጠርጎ፣ ሁለትና ሦስት ሳምንት መተው። እንጨቱ ይጠጣዋል፣ ውስጡም ይጠነክራል።

እዚህ ላይ አንድ ብርቱ ማስጠንቀቂያ አለኝ። የተልባ ዘይት የነካው ጨርቅ ተጨብጦ አይጣል። ዘይቱ ሲደርቅ ሙቀት ይፈጥራል፤ ጨርቁ ከተጠቀለለ ሙቀቱ መውጫ አጥቶ ክብሪት ሳይነካው ሊነድድ ይችላል። ወሬ መስሎኝ ነበር። አንድ ቀን ማታ ጣሳ ውስጥ የጣልሁትን ጨርቅ ከልጆቹ አንዱ ቢነካው እንደ ትኩስ ዳቦ ይፋጃል። ያ ዕቃ ቤት ውስጥ የዕድሩ ድንኳን አለ፣ ቃሬዛው አለ። አሁን ጨርቁን ውጭ ዘርግተን እናደርቃለን ወይም ውኃ ውስጥ እንነክራለን።

ስለ ቀለሙም ላንሣ። ቤቴ ብዙ ዓመት የቆየ የቢጫና የቀይ ዘይት ቀለም ቆርቆሮ ነበረኝ፤ መጣል አልወድም፣ በእሱ ጀመርሁ። የእኅቴ ልጅ ነው ያስቆመኝ። በድሮ ቀለም ውስጥ፣ በቢጫውና በቀዩ በተለይ፣ እርሳስ የሚባለው ብረት ብዙ ጊዜ ይገባበት ነበር። የሕፃናትን አእምሮ የሚጎዳ መርዝ ነው። በአገራችን በ2018 እ.ኤ.አ. በወጣ ደንብ በቀለም ውስጥ ያለው እርሳስ ከ1 ሚሊዮን እጅ 90 እጅ እንዳይበልጥ ተወስኗል። የእኔ ቆርቆሮ ከዚያ በፊት የተገዛ ነው። ሕፃን ልጅ ደግሞ ያገኘውን ሁሉ አፉ ይከታል። እነዚያን 24 አንድም ሳላስቀር ከአገልግሎት አወጣሁ፤ መዝገቡም ላይ ምክንያቱን ጻፍሁ። አሁን የምንቀባው እርሳስ የሌለበት መሆኑ በጣሳው ላይ የተጻፈ፣ በውኃ የሚቀጥን ቀለም ነው። እሱም ቶሎ ይደርቃል።

ቀለሙ ምን ይሁን በሚለው ላይ ብዙ ተጨቃጭቀናል። ልጆቹ ቀይና ቢጫ ይወዳሉ። እናቶች ደግሞ፣ «ሐዘንተኛ ፊት ያበበ ነገር አይቀርብም» አሉ፤ እውነት አላቸው። ነገር ግን የዕድሩ ብርጭቆ ለሠርግም ለማኅበርም ይዋሳል። መላውን ያገኘው ከልጆቹ አንዱ ነው። ማቶቱ ሁለት ፊት አለው አይደል? አንዱ ፊት ዙሪያው ጥቁር ሰማያዊ ብቻ ነው፤ ይህ ለለቅሶ ነው። ሲገለበጥ ለደስታ ነው። በደስታው ፊት ማዕዘን ማዕዘኑ ላይ ፈረስ ሥለውበታል። ጥር 23 ቀን የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በዓል ሲከበር ከተማችን እንዴት እንደምትሆን እናውቃለን፤ ማኅበሩ ከ1932 ዓ.ም. ጀምሮ ያለ ነው፤ ፈረስ የኛ ነው። የመጀመሪያዎቹ ፈረሶች ግን ውሻ ይመስሉ ነበር። አንዲት እናት «ይህ የማን ውሻ ነው?» ብለው ጠየቁ። አሁን ተሻሽለዋል፤ ጋማ ተጨምሮላቸዋል።

ወደ አባታችን ጥያቄ ልመለስ። ከዕድሩ ሣጥን የወጣው ለብሩሽ፣ ለቀለም፣ ለዘይትና ለብርጭቆ ወረቀት ብቻ ነው፤ ደረሰኙ ከገንዘብ ያዣችን ዘንድ አለ። መጋዙና መላጊያው የኔ ነው። ጉልበቱ የልጆቹ ነው። ሁለቱም የአባሎቻችን ልጆች ናቸው፤ አሥራ ሁለተኛን ጨርሰው ሥራ ያላገኙ። ያለፈው ወር አንዲት ቡና ቤት ያላት እኅታችን 40 እንዲሠሩላት ጠይቃቸዋለች። ዛሬ እንድትወስኑ የምፈልገው ይህን ነው፤ በዕድሩ ጓሮ ስለተሠራ ገንዘቡ ለዕድሩ ይገባል የሚሉ አሉ። እኔ አልስማማም። የቀለሙን ዋጋ ይመልሱ፣ የቀረው የነሱ ይሁን። ሰው ሲሞት መቃብር የሚቆፍሩልን፣ ድንኳን የሚተክሉልን፣ ቃሬዛ የሚሸከሙልን እነዚህ ልጆች ናቸው። ለዚያ ምን ከፍለናቸው እናውቃለን?

ወይዘሮዋም ከስድስት ወር በፊት ጓሮው ድረስ መጡ። ልጆቹ ሲሠሩ ቆመው አዩ። አንዷን ገለባብጠው፣ በጣታቸው ዳብሰው፣ «እሳቸው ቢያዩ ጠርዙ አልታሸም ይሉ ነበር» አሉ። እውነትም አልታሸም ነበር። እንደገና አሽተን ቀለም የሌለው ስድስት ሰጠናቸው። በሙት ዓመቱ ስንሄድ ጨርቁ ከጠረጴዛው ላይ ተነሥቷል። የቀሩት ዘጠኝ ምልክቶች ይታያሉ። ብርጭቆዬን በማቶቱ ላይ አስቀመጥሁ።

በመዝገቡ መሠረት ዛሬ በዕቃ ቤቱ 72 ማቶት መኖር ነበረበት፤ የተገኘው 69 ነው። ሦስቱ ባለፈው ሠርግ የጠፉ ናቸው፤ ፈረስ ያለባቸው ናቸውና ልጆች ሳይወስዷቸው አልቀሩም፤ በቤታችሁ ካያችሁ መልሱልን። 48 ይቀረናል። ሥራው ማክሰኞና ሐሙስ ከቀትር በኋላ ነው። ማኅተሙ ላይ መሰላሏ ያለችበት ፓሌት ያገኘ ሰው ሳያነደው ይንገረን፤ እኛው መጥተን እንሸከማለን።